ምዕራፍ አምስት፦ ውሃን ማሟሸት

በአርባ ምንጭ፣ ሴቻ ከፍታው ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው ሁለት ሐይቅ በአንድ ጊዜ ያያል። አንዱ አባያ ነው፤ ቀላ ብሎ ቡናማ። ሌላው ጫሞ ነው፤ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያደላ። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የምንለው ሸንተረር ተጋድሟል። አባያን እንዲህ ያቀላው ወንዞች ከደጋው እያጠቡ የሚያመጡት፣ ሳይዘቅጥ ውሃው ውስጥ የሚቀር ደቃቅ አፈር መሆኑን በምዕራፍ ሦስት አይተናል። ክንዳችሁን ብትነክሩበት ጣታችሁን ማየት ያቅታችኋል። ዓሣ ግን ይኖርበታል፤ አዞና ጉማሬም እንዲሁ።

ከዚያው ቁልቁለት ግርጌ፣ በነጭ ሳር ፓርክ ጫካ ውስጥ፣ አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ይፈልቃሉ። ውሃቸው ጠጠር የሚያስቆጥር ነው። ይህን የመሰለ ኩልል ያለ ውሃ በሦስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሞልታችሁ 60 ሊትር በሚይዝ አዲስ አኳሪየም ውስጥ ብትገለብጡ፣ በዚያው ቀን ደግሞ አሥር ዓሣ ብትጨምሩበት፣ ብዙዎቹ ወር ሳይሞላቸው ሊያልቁ ይችላሉ።

ድፍርሱ ሐይቅ የሚያኖረውን ኩልል ያለው ውሃ ለምን ይገድላል? መልሱ በዓይን አይታይም። በአባያ ጭቃ ላይ፣ በድንጋዩና በሸምበቆው ሥር ላይ ሁሉ ተለጥፈው የሚኖሩ፣ የዓሣውን ቆሻሻ ቀን ከሌት የሚያነሱ ሕያዋን አሉ። በአዲሱ መስታወት ውስጥ ግን ገና አልገቡም። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውሃ መጥራቱ አይበቃም፤ መሟሸት አለበት።

የአከራዬ ጥያቄ

የመጀመሪያውን አኳሪየሜን ያቆምኩት እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ስድስት ወርቃማ ዓሦች ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ ተቋጥረው፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዘው ከአዲስ አበባ መጡልኝ። መስታወቱን አጥቤ፣ ጠጠሩን አለቅልቄ፣ ውሃ ሞልቼ በዚያው ምሽት ለቀቅኳቸው። ሲዋኙ እያየሁ አመሸሁ።

በአራተኛው ቀን ውሃው ወተት ጠብ እንዳለበት ነጣ አለ። ቆሸሸ ብዬ ደነገጥኩ። ዓሦቹን በሳፋ አቆይቼ ሁሉንም ደፋሁ፤ ጠጠሩን ፈተግኩ፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ ቧንቧ ሥር ይዤ ነጭ እስኪሆን ጨመቅኩና እንደገና ንጹሕ ውሃ ሞላሁ። ዓሦቹ ግን ከዚያ ወዲያ አፋቸውን ከውሃው ገጽ ላይ ደቅነው አየር መጎንጨት ጀመሩ። በዘጠነኛው ቀን የመጨረሻውን አወጣሁ።

በዚያው ሳምንት አከራዬ አዲስ ምጣድ ገዝተው ነበር። ግቢው በጎመን ዘር ጢስ ታጥኗል፤ እሳቸው በማሰሻ ምጣዱን ደጋግመው ያሻሉ። ባዶውን መስታወት ይዤ ስወጣ አይተው፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ይሄን ዕቃህን አሟሽተኸው ነበር?» አሉኝ። ነገሩ ስላልገባቸው የጠየቁ መሰለኝ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው፣ ስለ አኳሪየም ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው ያ እንደነበር የተረዳሁት።

አዲስ ምጣድ የመጀመሪያውን እንጀራ ይይዛል፤ ሊጡ ተጣብቆ ይቀራል። ምጣዱ ቆሽሾ አይደለም፤ ከሸክላ ሠሪዋ እጅ እንደወጣ ንጹሕ ነው። የጎደለው በእሳትና በቅባት፣ በድግግሞሽ የሚገኘው ለስላሳ ገጽ ነው። አዲስ አኳሪየምም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ ምጣድን የሚያሟሸው የጎመን ዘር ቅባት ሲሆን ውሃን የሚያሟሹት ባክቴሪያዎች መሆናቸው ነው።

ማዕድ ቤቱም መጸዳጃውም አንድ ክፍል

በምዕራፍ ሁለት ዓሣ በስንጥቡ አማካይነት ከውሃ ኦክስጅን እንደሚወስድ አይተናል። ያው ስንጥብ ሌላም ሥራ አለው። ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው የሚያስወጣው በእሱ በኩል ነው፤ የሚወጣውም አሞኒያ ሆኖ ነው። በጠዋት የከብት በረት በር የከፈተ ሰው አሞኒያን ያውቀዋል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው፣ ዓይን የሚያስለቅሰው እሱ ነው።

በሐይቅ ውስጥ ይህ ችግር አይሆንም። አባያ ከ1,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ከአንድ ቆሮሶ ዓሣ የወጣ አሞኒያ በዚያ ሁሉ ውሃ መካከል ምንም ነው፤ የሚያነሳውም አያጣም። በ60 ሊትር መስታወት ውስጥ ግን ዓሣው የሚበላበት፣ የሚተነፍስበትና የሚጸዳዳበት አንድ ክፍል ነው፤ መስኮትም የለው። የተረፈ ምግብና የረገፈ ቅጠልም ሲበሰብስ ሌላ አሞኒያ ይጨምራል። አሞኒያው ከቀን ወደ ቀን ሲከማች ስንጥቡን ይለበልበዋል፤ ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ ሆኖ ትንፋሽ ያጥረዋል።

እኔ በአራተኛው ቀን ያየሁት ነጭ ደመና ግን አሞኒያ አልነበረም። አሞኒያ ቀለም የለውም። ደመናው የምግብ ፍርፋሪ እየበሉ በፍጥነት የተባዙ፣ ዓሣን በራሳቸው የማይጎዱ ባክቴሪያዎች ነበሩ። ብተወው በጥቂት ቀናት በራሱ ይጠራ ነበር። ገዳዩ በዓይኔ ያየሁት ሳይሆን ያላየሁት ነው።

በሁለት እጅ የሚያልፍ ሥራ

የዚህን ችግር መፍትሔ የአርባ ምንጭ ሙዝ አብቃይ ስሙን ባይጠራውም በየዓመቱ ይጠቀምበታል። ማሳው ላይ ፍግ ወይም ዩሪያ ይበትናል። ዩሪያው አፈር ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ከዚያ አፈሩ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይረከቡትና ለሥር ወደሚመች ናይትሬት ወደሚባል መልክ ይቀይሩታል። በማሳውና በአኳሪየሙ የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ነው።

ሥራው በሁለት እጅ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወስደው ናይትራይት ያደርጉታል። ይህ ገና ግማሽ መንገድ ነው፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያደረ የከሰል ምድጃ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን፤ ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ናይትራይትም መንገዱ ይለይ እንጂ በዓሣ ደም ላይ የሚያደርሰው ይህንኑ ነው። የተመረዘ ዓሣ ስንጥቡ ከቀይነት ወደ ቡናማነት ይለወጣል። ሁለተኛዎቹ ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል። ናይትሬት ብዙ ካልተከማቸ በቀር ዓሣን አይጎዳም፤ በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን በመቀየር ይወገዳል። የምንደፋውም ውሃ ለግቢው ሙዝ ማዳበሪያ ነው።

ይህ ሥራ የሕያዋን ሥራ መሆኑ የታወቀው በአንድ ቀላል ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን አንድ ረጅም ቱቦ በአሸዋና በኖራ ድንጋይ ሞልተው ከላይ የፍሳሽ ውሃ ቀስ እያሉ ያንጠባጥቡበት ጀመር። 20 ቀን ያህል አሞኒያው እንደገባ ወጣ፤ ምንም ለውጥ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከታች የሚወጣው ውሃ ናይትሬት ይዞ መምጣት ጀመረ። ክሎሮፎርም ሲጨምሩበት ሥራው ቀጥ አለ። ጥቂት አፈር በውሃ በጥብጠው ሲያፈሱበት ደግሞ ውሎ አድሮ እንደገና ተነሣ። አሸዋው ድሮም አሸዋ ነበር፤ የተለወጠው የሚኖርበት ነው። በ1890 ደግሞ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ማርባት ቻለ። ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሁለቱንም እርምጃ ብቻውን የሚሠራ ባክቴሪያ መኖሩ ታወቀ። ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ የዓሣ እርባታ የውሃ ማጣሪያ ነበር።

እነዚያን 20 ቀናት ልብ በሉ። የኔ ስድስት ዓሦች የጠፉት እነሱን ባለመጠበቄ ነው።

ለምን ቶሎ አይደርስም?

የጤፍ ሊጥ እርሾ ከገባበት በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይቦካል። የውሃው ማሟሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ምክንያቱ ምግባቸው ነው። የሊጥ ተሕዋስያን ስታርችና ስኳር ይበላሉ፤ ይህ ኃይል የበዛበት ማዕድ ነው። የኛዎቹ የሚኖሩት ከአሞኒያ በሚያገኙት እጅግ ጥቂት ኃይል ነው፤ በዚያችው ኃይል ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ተነሥተው አካላቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። አንዳንድ ባክቴሪያ በተመቸው ቦታ በ20 ደቂቃ እጥፍ ሲሆን፣ እነዚህ ግማሽ ቀን፣ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ ምግባቸው ከመጀመሪያዎቹ እጅ ስለሚወጣ፣ ተራቸው እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ስለዚህ በአዲስ አኳሪየም ውስጥ በመጀመሪያ አሞኒያ ይወጣል፤ እሱ መውረድ ሲጀምር ናይትራይት ይወጣል፤ እሱም ሲወርድ ናይትሬት ይታያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መካከሉ ላይ ነው፤ አሞኒያው ጠፋ ብሎ ዓሣ ያስገባና በናይትራይቱ ያጣዋል።

ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ ይባላል። ዓሣ ገዝቶ በላስቲክ አንጠልጥሎ ከመጣ በኋላ ውሃ ማዘጋጀት ይኸው ነው። በርበሬው የሚቀነጠሰው ከሠርጉ ወር አስቀድሞ ነው።

ማሟሸቱ ሲጀመር

በምዕራፍ አራት መስታወቱን የምናስቀምጥበትን ቦታ መርጠናል፤ ጠጠሩን አጥበናል፤ ማጣሪያውንና የአየር መንፊያውን ገጥመናል። አሁን ውሃው ይገባል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ሊኖረው ይችላል። ክሎሪን ለኛ ጤና የሚጨመር ነው፤ ተግባሩ ባክቴሪያ መግደል ስለሆነ ግን ልናረባ የምንፈልጋቸውንም ይገድላል፤ የዓሣንም ስንጥብ ያቃጥላል። ውሃውን አፉ በጠበበ ጄሪካን ሳይሆን በሰፊ ሳፋ ወይም በተከፈተ በርሜል አንድ ሁለት ቀን አቆዩት፤ በየመካከሉም አማስሉት። ክሎሪኑ ወደ አየር ይወጣል። ክሎራሚን የሚባለው ዓይነት ግን በማቆየት ብቻ አይለቅም፤ እሱን በአኳሪየም መደብር በሚሸጥ ማርከሻ ጠብታ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ከዚያ ውሃውን ሞልታችሁ ማጣሪያውን አስነሡ። ዓሣ የለም፤ ግን እንዳለ ቁጠሩት። በየቀኑ ለሁለት ለሦስት ትናንሽ ዓሦች የምትሰጡትን ያህል ቁንጥር ምግብ ጣሉበት። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል፤ አሞኒያው ባክቴሪያዎቹን ይመግባል። በዚህ መንገድ የዓሣ ሕይወት ሳይከፈልበት ውሃው ይሟሻል።

በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃውን በጠብታ መመርመሪያ ለኩት። ትንሿን ብልቃጥ እስከ መስመሯ ሞልታችሁ ጠብታውን ስትጨምሩ ቀለሙ ይለወጣል። በብዙዎቹ መመርመሪያዎች አሞኒያ የሌለበት ውሃ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ያለበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ናይትራይት ከሌለ ሰማያዊ ነው፤ ካለ ወይን ጠጅ ይሆናል። ሳምንት ሙሉ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሳምንታት ወይን ጠጅ ልታዩ ትችላላችሁ። አንድ ቀን ጠዋት ምግብ ከጣላችሁ ከ24 ሰዓት በኋላ ለክታችሁ፣ አንዱ ብልቃጥ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ናይትሬቱም ከፍ ብሎ ይታያል። ይህ ለተከታታይ ቀናት ከጸና ውሃው ተሟሽቷል። ግማሹን ቀይሩና ሁለት ወይም ሦስት ዓሣ አስገቡ። ሌሎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይምጡ፤ የባክቴሪያው ብዛት በሚያገኘው ምግብ ልክ ነውና፣ ቤተሰቡ ሲበዛ ሊጡም እንዲበዛ ጊዜ ይፈልጋል።

መመርመሪያ ለማግኘት የተቸገረ ሰው ትዕግሥቱን ይጨምር። ስድስት ሳምንት ይቆይ፤ ከዚያ አንዲት ዓሣ ብቻ ያስገባ፤ ጥቂት ይመግባት፤ በየሁለት ቀኑም ሩብ ያህል ውሃ ይቀይር። ወደ ላይ ወጥታ አየር የምትጎነጭ ከሆነ ያን ዕለት ግማሹን ይቀይር።

የኛ አገር ሙቀት፣ የኛ አገር ውሃ

የሲቀላ ሙቀት በአንድ በኩል ያግዘናል። ባክቴሪያዎቹ ሞቅ ያለ ውሃ ይወዳሉ፤ ደጋ ላይ ማሞቂያ የሚፈልገው ሥራ እዚህ በቤቱ ሙቀት ይሠራል። በሌላ በኩል ያስጠነቅቀናል፤ የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። ባክቴሪያዎቹም ብዙ ኦክስጅን ይበላሉ፤ 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ 4.5 ግራም ያህል ይፈልጋሉ። መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው ለሰዓታት ከቆመ ስፖንጁ ውስጥ የታፈኑት መሞት ይጀምራሉ። እንዲህ ሲሆን ስፖንጁን ከማጣሪያው አውጥታችሁ በገንዳው ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፤ ውሃውንም በየጊዜው በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት። እየወረደ አየር ይዞ ይገባል።

ሌላው ነገር ፒኤች የሚባለው ልኬት ነው። ከ7 በታች ሲሆን ውሃው ወደ ኮምጣጣነት፣ ከ7 በላይ ሲሆን ወደ አልካላይነት ያደላል። አሞኒያ በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ክፉ መርዝ፣ ሌላው ጉዳቱ በጣም አነስተኛ። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ፒኤች ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ሲሆን፣ ከ1,000 እጅ አሞኒያ ውስጥ መርዛማው በፒኤች 7 ላይ 6 እጅ ገደማ ነው፤ በ8 ላይ 54 ገደማ፤ በ9 ላይ 360 ገደማ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን አልካላይ ናቸው፤ የአባያና የጫሞ ፒኤች 9 አካባቢ ነው። ስለዚህ «የዓሣ አገር ውሃ ነው» ብሎ ከጫሞ ቀድቶ መሙላት፣ ባልተሟሸ ገንዳ ውስጥ ላለችው ትንሽ አሞኒያ ስለት ማውጣት ነው።

ከአዲስ አበባ በላስቲክ የሚመጣ ዓሣም በዚሁ ሕግ ይገዛል። በጉዞው ሰዓታት ላስቲኩ ውስጥ አሞኒያ ይጠራቀማል፤ ግን የዓሣው ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን ስለሚያኮመጥጠው መርዙ እንደተኛ ይመጣል። ላስቲኩ ሲፈታ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ ፒኤቹ ይነሣል፤ የተኛውም ይነቃል። ላስቲኩን ሳትፈቱ 15 ወይም 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፉት፤ ሙቀቱ ይስተካከል። ከፈታችሁት በኋላ ግን ሳትዘገዩ ዓሣውን ብቻ በመረብ አውጥታችሁ አስገቡ፤ የመጣበትን ውሃ አትቀላቅሉ።

እርሾ መበደር

አዲስ ጎጆ የወጣች ሴት እርሾ ከየት ታመጣለች? ከእናቷ ወይም ከጎረቤት። ያ ከሊጡ ላይ የሚቀዳ ቢጫ ውሃ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ሰጪዋም የሚጎድልባት ነገር የለም። አኳሪየምም እርሾ አለው። ከወራት ጀምሮ ጤነኛ ዓሣ ከሚኖርበት ገንዳ የተወሰደ ቁራጭ ስፖንጅ ወይም ጭብጥ ጠጠር፣ የስድስት ሳምንቱን ጥበቃ በእጅጉ ያሳጥረዋል። ባክቴሪያዎቹ አብዛኞቹ ውሃው ውስጥ ሳይሆን ዕቃው ላይ ተለጥፈው ስለሚኖሩ፣ የሚበደረው ውሃው ሳይሆን ስፖንጁ ነው። ከታመመ ገንዳ ግን አትበደሩ፤ በሽታውም አብሮ ይመጣል። በመንገድም እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ ከደረቀ ይሞታል።

የራሳችሁም ስፖንጅ ሲደፈን አትፈትጉት። ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። እኔ በዚያች አራተኛ ቀን ቧንቧ ሥር ያጠብኩት ቆሻሻ አልነበረም፤ ገና አራት ቀን የሆነው እርሾዬ ነበር።

አሁን ቤቴ ያለው ገንዳ ዓመታት አልፈውታል። ባለፈው ክረምት አንድ የጎረቤት ልጅ አዲስ መስታወት አስገጥሞ ምክር ሊጠይቀኝ መጣ። ከማጣሪያዬ ስፖንጁን አወጣሁና ሩቡን በመቀስ ቆርጬ እርጥቡን በላስቲክ አሰርኩለት። ስቆርጠው ቡናማና ዝልግልግ ያለ ውሃ እጄ ላይ ወረደ። ልጁ አፈግፍጎ፣ «ጋሼ፣ ታጥቦ አይሻልም?» አለኝ።

አከራዬ ቢኖሩ መልሱን ከኔ ቀድመው ይሰጡት ነበር። «አይታጠብም» አልኩት፤ «ቤትህ ስትደርስ ማጣሪያህ ውስጥ ክተተውና ዕለቱን ቁንጥር ምግብ ጣልበት። ዓሣህን ግን ገና አትግዛ።»